ሪፖርቱ የሚጀምረው ከእኛ እጅ ነው፦ በሜዲኬይድ ስለሚከፈለው የቤት ውስጥ እንክብካቤና ስለ ጥራት ሪፖርቱ

ይህ ጽሑፍ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚሠሩ ሆም ሄልዝ ኤዶች (ሰው ቤት ሄደው የሚንከባከቡ ሠራተኞች) እና ወላጆቻቸውን ቤት ውስጥ ለሚጦሩ ቤተሰቦች ያደረግሁት ንግግር ነው። ብዙዎቻችሁ በጽሑፍ ይውጣልን ስላላችሁ አንዳንድ ቦታ አሳጥሬ፣ መጨረሻ ላይ የተነሱትን ጥያቄዎችም ጨምሬ አቅርቤዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን ዋላችሁ። ከሥራ ወጥታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም በሁለት ሺፍት መሃል ላይ ሆናችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ጊዜያችሁ ውድ ነውና በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ዛሬ የማወራው ስለ ሪፖርት ነው። ሪፖርት ሲባል የቢሮ ሰዎች ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ስቴት፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የመንግሥት የጤና መድን በሆነው በሜዲኬይድ ገንዘብ ስለሚሰጠው የቤት ውስጥ እንክብካቤ ለፌደራል መንግሥት መልስ መስጠት አለበት። ሰዎቹ የተፈቀደላቸውን እርዳታ አገኙ ወይ? ጉዳት የደረሰበት አለ ወይ? ጉዳት ሲደርስስ ማን መረመረ? ይህ ሁሉ መልስ ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ ጠዋት ክሎክ ኢን ከምታደርጉበት (የመግቢያ ሰዓታችሁን ከምታስመዘግቡበት) ስልክ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ከምትሞሉት ወረቀት፣ አንድ ነገር ሲደርስ ለነርሷ ከምትደውሉት ስልክ ነው። እዚያ ጋ ውሸት ወይም ዝምታ ከገባ ከላይ ያለው ቁጥር ሁሉ ዋጋ የለውም። የዛሬው ንግግሬ ዋና ነገር ይሄ ነው፤ ሌላው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ ትንሽ ልበል። ሜዲኬይድ የተቋቋመው በ1965 ነው። የፌደራል መንግሥትና ስቴቱ ወጪውን ይጋሩታል። ከመነሻው ጀምሮ ለነርሲንግ ሆም (ለእንክብካቤ ተቋም) መክፈል ለስቴቶች ግዴታ ነው። ሰውን ቤቱ ውስጥ ሆኖ መርዳት ግን ባብዛኛው ለስቴቱ ፈቃድ የተተወ ነው። ይህ አድልዎ አሁንም አልተነሳም፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በ1981 የአይዋዋ ሕፃን ኬቲ ቤኬት ጉዳይ አገር አነጋገረ። በአንጎል ኢንፌክሽን ታማ ሆስፒታል የኖረች የሦስት ዓመት ልጅ ናት። ሆስፒታል ተኝታ እስካለች ድረስ ሜዲኬይድ ይከፍላል፤ ቤቷ ብትገባ ግን፣ ቤት ውስጥ መንከባከቡ በብዙ እጥፍ እየረከሰ፣ ሽፋኗ ይቋረጣል። ፕሬዚዳንት ሬገን ራሳቸው ጉዳዩን በአደባባይ አንስተው ተናገሩ። በዚያው ዓመት ዛሬ ዌቨር የምንለውን አሠራር የፈቀደው ሕግ ወጣ። በቁጥሩ 1915ሲ ይባላል። በ1999 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከጆርጂያ በመጣ ኦልምስቴድ በሚባል ጉዳይ፣ በማኅበረሰቡ ውስጥ መኖር የሚችልን አካል ጉዳተኛ ያለአግባብ ተቋም ውስጥ ማቆየት መድልዎ ነው ብሎ ፈረደ። ዛሬ እናንተ እማማን ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ የምታጥቡት በእነዚህ በተከፈቱ በሮች ነው።

ዌቨር ማለት ስቴቱ "ከአንዳንድ ደንቦች ነፃ አድርጉኝና በዚህ ገንዘብ ሰውን ቤቱ ልርዳ" ብሎ የሚጠይቅበት ፈቃድ ነው። ፈቃዱ በነፃ አይሰጥም። ስቴቱ ቃል ይገባል። የሚረዳው ሰው በእርግጥ እርዳታው የሚያስፈልገው መሆኑን፣ በሰውየው ፍላጎት ላይ የተመሠረተ ኬር ፕላን (የእንክብካቤ ዕቅድ) እንዳለው፣ የሚረዱት ሰዎች ብቁ መሆናቸውን፣ ጤናውና ደኅንነቱ መጠበቁን፣ ገንዘቡ በትክክል መከፈሉን፣ የሁሉም ነገር ኃላፊ ስቴቱ ራሱ መሆኑን ያረጋግጣል። በየዓመቱም 372 በሚባል ቅጽ ሪፖርት ያደርጋል። ከ2014 ጀምሮ አንድ መለኪያ ከ86 በመቶ በታች ከወረደ ስቴቱ ምን ሊያሻሽል እንዳሰበ ማቅረብ ነበረበት።

ጥሩ ይመስላል። እኔን የማይዋጥልኝ ግን አብዛኛው መለኪያ የሚያየው ፋይሉን መሆኑ ነው። ፕላኑ ተፈርሟል? ተፈርሟል። የኤዷ ሰርተፊኬት ፋይሉ ውስጥ አለ? አለ። ነርሷ በቀጠሮው መጥታለች? ፊርማዋ አለ። ፋይሉ መቶ በመቶ ሊሆን ይችላል፤ ሴትየዋ ግን ቅዳሜና እሁድ ሰው ሳይመጣላት በእርጥብ ዳይፐር ውላ ሊሆን ይችላል። ይህንን የሚይዝ ሣጥን በዚያ ቅጽ ላይ የለም።

ይህ የእኔ ስጋት ብቻ አይደለም። የፌደራሉ የጤናና ሰብዓዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ኢንስፔክተር ጄኔራል በ2016 እና በ2017 በኮኔቲከት፣ በማሳቹሴትስና በሜይን የእድገት እክል ላለባቸው ሰዎች የሚሰጠውን አገልግሎት መርምሮ ነበር። ዘዴያቸው ቀላል ነው። ሜዲኬይድ ለድንገተኛ ክፍል የከፈላቸውን ሒሳቦች ወሰዱ። በአንድ እጃቸው ሒሳቡን፣ በሌላው ለስቴቱ የገባውን የኢንሲደንት (የአደጋና የበደል) ሪፖርት ይዘው አስተያዩ። ሰውየው ተጎድቶ ሆስፒታል ሄዷል፤ ሪፖርቱ ግን የለም። እንዲህ ያለ ብዙ ነበር። ሜይን ውስጥ 133 ሰዎች ሞተው፣ ሞታቸው በሚገባ ሪፖርት መደረጉንና መመርመሩን ስቴቱ አላረጋገጠም ነበር። መቶ ሠላሳ ሦስት ሰው ማለት ነው፤ እያንዳንዱ እናት ነበረው። በ2018 መጀመሪያ ደግሞ ጂኤኦ የሚባለው የኮንግረሱ ተቆጣጣሪ በአሲስትድ ሊቪንግ (እርዳታ በሚሰጥበት የጋራ መኖሪያ) ስለሚኖሩ የሜዲኬይድ ተጠቃሚዎች ስቴቶችን ጠየቀ፤ ስንት ከባድ አደጋ እንደደረሰ ቁጥሩን መስጠት ያልቻሉት 26 ስቴቶች ነበሩ።

ወደ አዲሱ ደንብ ልምጣ። በዋናነት ለአረጋውያን የሆነውን የጤና መድን ሜዲኬርንና ሜዲኬይድን የሚያስተዳድረው የፌደራል መሥሪያ ቤት ሲኤምኤስ በሜይ 2024 ትልቅ ደንብ አወጣ። ብዙ ገጽ ነው፣ የሚመለከተንን ብቻ ላንሳ። ሥራ ላይ የሚውለውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየደረጃው ነው።

አንዱ ስለ ከባድ ኢንሲደንት ነው። ከዚህ በፊት ከባድ ማለት ምን እንደሆነ እያንዳንዱ ስቴት በራሱ መንገድ ይተረጉመው ነበር። በአዲሱ ደንብ ግን ከጁላይ 2027 ጀምሮ የሁሉም ስቴት መነሻ አንድ ይሆናል። ስድብና ዛቻን ጨምሮ ማንኛውም በደል፣ ችላ ማለት፣ የሰውን ገንዘብ መብላት፣ ያለ ፈቃድ ማሰር ወይም ለብቻ መዝጋት፣ ሆስፒታል ወይም ወደ መርዝ መቆጣጠሪያ ስልክ ያደረሰ የመድኃኒት ስህተት፣ ያልተጠበቀ ሞት። መውደቅ ለብቻው በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ብዙ ስቴቶችና ኤጀንሲዎች ግን ጉዳት ያስከተለ መውደቅን በራሳቸው ደንብ ሪፖርት ያስደርጋሉ፣ ስለዚህ የኤጀንሲያችሁን ፖሊሲ እዩ። ስቴቱ ከእነዚህ ኢንሲደንቶች ቢያንስ 90 በመቶ የሚሆኑትን በራሱ ባስቀመጠው ጊዜ ውስጥ መመርመር መጀመሩን ማሳየት አለበት። ከዚህም በላይ፣ ያ ኢንስፔክተሩ የተጠቀመበት ዘዴ የስቴቱ የራሱ ሥራ ይሆናል፦ የክፍያ መረጃዎችን ከሪፖርቱ ጋር እያስተያየ ያልተነገረውን መፈለግ አለበት። ስለዚህ "ዝም ብንል ማን ያውቃል" የሚባለው ነገር እየቀረ ነው። የድንገተኛ ክፍሉ ሒሳብ ይናገራል።

ሁለተኛው፣ እኔ ከሁሉም የምወደው፣ ስለ ሰዓት ነው። ስቴቶች ለሆም ሜከር (ለቤት ሥራ እርዳታ)፣ ለሆም ሄልዝ ኤድ፣ ለፐርሰናል ኬር (ገላ እንደ ማጠብና ማልበስ ላለ የግል እንክብካቤ) እና ለሃቢሊቴሽን (የዕለት ኑሮ ክህሎት ለማስተማር) ሁለት ነገር ቆጥረው ያሳውቃሉ። አንድ ሰው አገልግሎቱ ከተፈቀደለት ቀን እስከ መጀመሪያዋ ኤድ በር እስክታንኳኳ ድረስ በአማካይ ስንት ቀን እንደሚጠብቅ አንዱ ነው። ሌላው ከተፈቀደው ሰዓት ውስጥ ስንት በመቶው በእርግጥ እንደተሰጠ ነው። ለዚህ የተቀመጠው ቀን ጁላይ 2027 ነው።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ በምሳሌ ላሳያችሁ። አንዲት እናት በሳምንት 40 ሰዓት ተፈቀደላቸው እንበል። ኤጀንሲው የማታ ሰው አላገኘም። እሁድም የለውም። በሳምንት 26 ሰዓት ብቻ ተሰጣቸው። እስከዛሬ በነበረው ሪፖርት እኚህ እናት "አገልግሎት ያገኙ" ተብለው ይቆጠራሉ፤ ፕላናቸው ተፈርሟል፣ ኤዷ ብቁ ናት፣ ያልተሠራ ሰዓትም አልተከፈለም፣ ስለዚህ ሁሉም ነገር ልክ ነው። የጎደሉት 14 ሰዓቶች የት ሄዱ? የቀን ሥራዋን ጨርሳ በመጣች ልጃቸው ትከሻ ላይ ነዋ። ወይም የትም። በአዲሱ አቆጣጠር ግን እኚህ እናት 65 በመቶ ናቸው። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲደማመር አንድ ስቴት በወረቀት የሚፈቅደውና በእርግጥ የሚሰጠው ምን ያህል እንደሚራራቅ በአደባባይ ይታያል። ስቴቱ የዌቨር ወረፋውንም ማሳወቅ አለበት። በ2024 ኬኤፍኤፍ የሚባለው የጤና ፖሊሲ ተቋም ባደረገው ቆጠራ በመላ አገሪቱ ወረፋ ላይ ያሉት ከ700 ሺህ በላይ ነበሩ።

ታዲያ ያ 26 ሰዓት የሚታወቀው በምን ነው? ብዙዎቻችሁ በማትወዱት ነገር ነው። በኢቪቪ።

በዲሴምበር 2016 የወጣው ሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን ኪውርስ የሚባለው ሕግ ለፐርሰናል ኬርና ለሆም ሄልዝ እያንዳንዱ ጉብኝት በኤሌክትሮኒክስ እንዲመዘገብ አዘዘ፤ ኢቪቪ የሚባለው ይህ ምዝገባ ነው። ስድስት ነገር ይመዘግባል፦ የአገልግሎቱ ዓይነት፣ ማን ተረዳ፣ ማን ረዳ፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት። ይህን ያላደረገ ስቴት ለእነዚህ አገልግሎቶች ከፌደራል ከሚያገኘው ድርሻ እስከ 1 በመቶ ይቀነስበታል። በየስቴቱ አሠራሩ ይለያያል፤ አንዱ ጋ አፕ ነው፣ ሌላው ጋ ከደንበኛው የቤት ስልክ መደወል ነው።

ቅሬታችሁን አውቀዋለሁ። ቤዝመንት ውስጥ ኔትወርክ የለም። ጂፒኤሱ መንገድ ማዶ ነሽ ይላል። እማማ በር ላይ እጃችሁን ይዘው ሲያዋሩ ክሎክ አውት ይረሳል። ከዚያ ቢሮው "ማኑዋል" ብሎ ያስተካክላል፤ አንዳንዱ ኤጀንሲ ደግሞ ሳያስተካክል ይቀርና ፔይቼኩ ጎድሎ ይመጣል። ይህ በደል ነው፣ የሠራችሁት ሰዓት ሊከፈላችሁ ይገባል። ግን መፍትሔው መዝገቡን ማጭበርበር አይደለም። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ሳይሄዱ ክሎክ ኢን ማድረግ፣ ለጓደኛ ማስመታት፣ ከደንበኛው ጋር ተስማምቶ ያልተሠራን ሰዓት ማስፈረም ወንጀል ነው። በፌብሩዋሪ 2014 እዚሁ ዲሲ ውስጥ በቤት እንክብካቤ ማጭበርበር ከ20 በላይ ሰዎች ታስረዋል። ለሐሰት ታይም ሺት እንዲፈርሙ ለደንበኞች ገንዘብ ይሰጥ ነበር የሚል ክስ ነበረበት። እንዲህ ያለ ነገር በተፈጠረ ቁጥር መንግሥት ቁጥጥሩን ያጠብቃል፣ ሰዓት ይቀንሳል፣ ዕዳውን የሚከፍሉት ምንም የማያውቁት አልጋ ላይ ያሉት ሰዎች ናቸው። ስህተት ካለ በዚያው ቀን ለቢሮ ደውሉ፣ በቴክስት ላኩ፣ መልሱን አስቀምጡ። ሰዓት ስትጽፉም በእንግሊዝኛው አቆጣጠር ጠዋትና ማታውን ለይታችሁ ጻፉ፤ በእኛ ሁለት ሰዓት በስልክ የተነገረ ጉዳይ በእነሱ ሁለት ሰዓት ተመዝግቦ ብዙ ጣጣ ያመጣል።

ክሎክ ኢን መምጣታችሁን ይናገራል። የሠራችሁትን የሚናገረው የዕለት ማስታወሻው ነው። ኤጀንሲዎች የሚሰጧችሁን ያንን ወረቀት አስቡት። በግራ በኩል ገላ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ሽንት ቤት መውሰድ፣ ማንቀሳቀስ፣ ምግብ መሥራት፣ ልብስ ማጠብ። ከላይ ሰባቱ ቀናት። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ምንድን ነው? ዓርብ ማታ ወረቀቱ ሊላክ ሲል ተቀምጦ፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ከላይ እስከ ታች ምልክት ማድረግ። ሁሉም ቀን አንድ ዓይነት።

አሁን ይህን ወረቀት የምታነበውን ነርስ ሁኑ። አባባ ሮብ ዕለት አልታጠብም ብለዋል፤ ወረቀቱ ታጥበዋል ይላል። ሐሙስ ምሳቸውን ግማሹን ትተዋል፤ ወረቀቱ በልተዋል ይላል። ዓርብ ከወንበር ሲነሱ ሁለት ጊዜ ተንገዳግደዋል፤ ወረቀቱ ላይ ለዚህ ቦታ ስለሌለው ምንም አልተባለም። ሰኞ ይወድቃሉ። ነርሷ ፋይሉን ስትገልጥ ፍጹም ጤነኛ ሰው ነው የምታየው። ሌላም ነገር አለ። ዓመታዊው ግምገማ ሲመጣ ስቴቱ "ሁሉም ነገር በተሰጠው ሰዓት እየተሠራ ነው፣ ምንም ችግር የለም" ብሎ ሰዓት ሊቀንስ ይችላል። ማስረጃው የእናንተው ምልክት ነው።

እንዲህ ብትጽፉስ፦ "ሮብ። ገላ መታጠብ እምቢ ብለዋል፣ ብርድ ብርድ ይለኛል አሉ። ፊታቸውንና እጃቸውን በሙቅ ውኃ አጥቤያለሁ። ሐሙስ። ምሳ ግማሽ። ዓርብ 10፡15 ጠዋት። ከወንበር ሲነሱ ሁለቴ ተንገዳገዱ፣ ይዣቸዋለሁ፣ አልወደቁም። ማዞር አለ አሉ። 10፡25 ለነርስ ደውያለሁ፣ መልእክት ትቻለሁ።" እንግሊዝኛው የተሰባበረ ቢሆን ግድ የለም። አጭር ይሁን፣ ያያችሁትን ብቻ ይሁን። "ደክሟቸዋል" ከምትሉ "እስከ 11፡00 ጠዋት ከአልጋ አልተነሱም" በሉ። ይህ ማስታወሻ የማዞሩ ምክንያት የደም ግፊት መድኃኒቱ እንደሆነ ሐኪሙን ሊያስጠረጥረው ይችላል። ለተጨማሪ ሰዓትም ማስረጃ ነው። አንድ ነገር ቢፈጠር ደግሞ እናንተን የሚጠብቃችሁ ይኸው ወረቀት ነው። ያልተሠራውን አልተሠራም ብሎ መጻፍ ስንፍናን ማመን አይደለም፤ ለምን እንዳልተሠራ ጨምሩበት እንጂ።

አሁን ቤተሰቦችን ላናግር፣ እዚህ ያላችሁ ልጆች ብዙ ናችሁ።

ስቴቶች የተጠቃሚውን ድምፅ የሚሰበስቡባቸው መጠይቆች አሉ። በ2022 ሲኤምኤስ የቤት ውስጥ እንክብካቤ የጥራት መለኪያዎች ዝርዝር አወጣ፤ በአዲሱ ደንብ መሠረት ስቴቶች ከ2028 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ በእሱ ሪፖርት ያደርጋሉ። የዝርዝሩ ትልቁ ክፍል ከእነዚህ መጠይቆች የሚወጣ ነው። ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው። የሚረዱሽ ሰዎች በሰዓቱ ይመጣሉ? እስከ መጨረሻው ይቆያሉ? የማይመጡ ከሆነ ይነግሩሻል? በአክብሮት ያናግሩሻል? ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ ይቀያየርብሻል? ብቸኝነት ይሰማሻል?

የእኛ እናት ምን ብለው ይመልሳሉ? "ተመስገን። ምን ጎደለብኝ።" አልቅሰው ያደሩ ቢሆንም ተመስገን ነው። ለእንግዳ የቤትን ገመና አያወጡም። ልጅቷ እንጀራዋን እንዳታጣ ይሳሱላታል። "የመንግሥት ሰው" ሲባል ደግሞ የቆየ ፍርሃት አለ፤ ካማረርኩ ይቋረጥብኛል ይላሉ። ይህ ጨዋነት ነው፣ የማከብረው ነው። ግን በመጠይቁ ላይ የሚጻፈው "እርካታ፦ ከፍተኛ" ነው። ከዚያ በስቴቱ ሪፖርት የእኛ ማኅበረሰብ ችግር የሌለበት ይሆናል። ስለዚህ ሰው ሊጠይቃቸው እንደሚመጣ ስታውቁ ቀድማችሁ አስረዷቸው። "እማዬ፣ ይሄ ማንንም አያባርርም፣ አንቺንም አያስቀርብሽም፤ እሁድ ሰው እንደማይመጣ ብትነግሪያቸው ለሌሎችም እናቶች ይጠቅማል" በሏቸው። ለሌላ ሰው ይጠቅማል ሲባሉ ይናገራሉ። ደግሞ እናንተ ልጆች መልሱን አትንጠቋቸው። በአንዳንዶቹ መጠይቆች ላይ ሰውየው ራሱ ብቻ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች አሉ፣ ስለ ብቸኝነት የሚጠየቀውም ከሰውየው አፍ እንዲሰማ የሚፈለገው ለዚህ ነው። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ዲሲ ውስጥማ በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

ሌላ የሚያሳስበኝ ነገር። ነርስና ፊዚካል ቴራፒስት የሚልኩት በሜዲኬር የተመዘገቡ ኤጀንሲዎች ከ2015 ጀምሮ በኢንተርኔት ላይ ኮከብ ይሰጣቸዋል፤ ሰው አይቶ ይመርጣል። በየቀኑ ለስምንት ሰዓት ከእናታችሁ ጋር የሚቀመጠውን ፐርሰናል ኬር የሚሰጠው ኤጀንሲ ግን እንዲህ ያለ ኮከብ የለውም። ስለዚህ ምርጫችን በወሬ ነው፤ ከቤተክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከጓደኛ በሰማነው። አዲሱ ደንብ ስቴቶች መረጃውን ሁሉ በአንድ ድረ ገጽ እንዲያወጡ ያዛል፣ ይህ ጅማሮ ነው። ለእኔ ግን አይበቃኝም፤ የጎደለው ሰዓት በየኤጀንሲው ስም መውጣት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ስለ ደመወዝ ሳላነሳ ብሄድ አትለቁኝም። የሆም ሄልዝና የፐርሰናል ኬር ኤድ የመካከለኛ ገቢ በ2024 በመላ አገሪቱ በዓመት 34,900 ዶላር ነበር። ይህን ገንዘብ ይዞ በዚህ አካባቢ ኪራይ መክፈል ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ደንቡ እንደወጣ ከሜዲኬይድ ለእነዚህ አገልግሎቶች ከሚከፈለው ውስጥ ቢያንስ 80 በመቶው ለሠራተኛው ክፍያ እንዲውል ያዛል፤ ግዴታው የሚጀምረው ጁላይ 2030 ነው፣ ከዚያ በፊት በ2028 ስቴቶች ስንት በመቶው ለሠራተኛ እንደዋለ ማሳወቅ ይጀምራሉ። ልብ በሉ፣ ክፍያ የሚባለው በእጅ የሚገባው ብቻ አይደለም። ኢንሹራንስ፣ የዕረፍት ክፍያ፣ ኤጀንሲው የሚከፍለው የደመወዝ ታክስም ይጨመርበታል። የሥልጠናና የጉዞ ወጪ ደግሞ ከሒሳቡ ውጪ ነው። ለትናንሽ ኤጀንሲዎች ስቴቱ የተለየ መጠን ሊያስቀምጥ ይችላል። የኤጀንሲ ባለቤቶች ይህን አጥብቀው ተቃውመዋል፣ የሚሉት ሁሉ ስህተት ነው አልልም፤ ስቴቱ የሚከፍለው ራሱ ትንሽ ከሆነ ከትንሽ ላይ 80 በመቶ ያው ትንሽ ነው። ለዚህ ነው ሌላኛው ድንጋጌ የሚጠቅመው፦ እያንዳንዱ ስቴት ለእነዚህ አገልግሎቶች በሰዓት በአማካይ ስንት እንደሚከፍል በጁላይ 2026 በአደባባይ እንዲያወጣ ታዟል። ያንን ቁጥር ከፔይቼካችሁ ጎን አስቀምጡት። ደመወዝ ላይ የሚመክር ሠራተኞችና ተጠቃሚዎች ያሉበት ቡድንም እንዲቋቋም ያዛል። እዚያ ወንበር ላይ ከእኛ ሰው እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። በዚህ አገር ከቤት እንክብካቤ ሠራተኛው ከሦስቱ አንድ ያህሉ ስደተኛ ነው፤ ወንበሩ ይገባናል።

ወደ ጥያቄዎቹ።

አንዲት እህት "ኢንሲደንት ሪፖርት ካደረግሁ ኬሱን (የምንከባከበውን ደንበኛ) ይነጥቁኛል፣ ምን ላድርግ?" ብላ ጠየቀች። ፍርሃቷ ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ ይደረጋል። በብዙ ስቴቶች እናንተ በደልን ሪፖርት የማድረግ የሕግ ግዴታ አለባችሁ፤ በቅን ልቦና ሪፖርት ያደረገን ሰው የሚጠብቅ ሕግም አለ። ለሱፐርቫይዘር በቃል ከነገራችሁ በኋላ በጽሑፍ ድገሙት። ቤታችሁ የራሳችሁ ማስታወሻ ይኑራችሁ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ለማን እንደደወላችሁ ያዙበት። የደንበኛውን ስም ግን አትጻፉበት፣ የቤቱን ፋይልም ፎቶ አታንሱ፣ ያ የሰውን ሚስጥር ማውጣት ነው። ኤጀንሲው ዝም ቢል በቀጥታ ለአዋቂዎች ጥበቃ ክፍል መደወል ይቻላል፣ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።

ሌላዋ እናቷን እየጦረች በሜዲኬይድ የሚከፈላት ናት፤ አብረው ይኖራሉ። "እኔም ክሎክ ኢን ማድረግ አለብኝ?" አለች። አብሮ ለሚኖር ተንከባካቢ ስቴቶች ኢቪቪን ማስቀረት ይችላሉ፤ አንዳንዱ አስቀርቷል፣ አንዳንዱ አላስቀረም። ኬዝ ማኔጀርሽን ጠይቂ። የዕለት ማስታወሻውና የኢንሲደንት ሪፖርቱ ግን ልጅ ስለሆንሽ አይቀርልሽም። እንዲያውም በቤተሰብ መካከል ያለው መድከም ካልተጻፈ ማንም አያየውም።

አንድ አባት ቅሬታ የት እንደሚቀርብ ጠየቁ። ደንቡ ስቴቶች ከጁላይ 2026 ጀምሮ ኤጀንሲውን ወይም ስቴቱን በተመለከተ ቅሬታ የሚቀበሉበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያዛል። በቃልም በጽሑፍም ይቀርባል። ሰው ሊያግዝዎት ይችላል። በ90 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጥዎት ይገባል፤ በማማረርዎ ሊቀጡዎት አይችሉም።

የመጨረሻው ጥያቄ "በ2025 የወጣው ሕግ የሜዲኬይድን ገንዘብ ቀንሷል፣ ታዲያ ይህ ሁሉ ሪፖርት ምን ይሠራል?" የሚል ነበር። ከባድ ጥያቄ ነው። በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ለስቴቶች የሚሄደውን ገንዘብ በብዙ ይቀንሳል። መጀመሪያ ላይ ያልኩትን አስታውሱ፦ ነርሲንግ ሆም ግዴታ ነው፣ የቤት እንክብካቤ ባብዛኛው ምርጫ ነው። በጀት ሲጠብ ስቴት እጁን የሚሰድው መቁረጥ ወደሚችለው ነው። ሲቆርጥም "ማንም አልተጎዳም" ማለት የሚችለው የተጎዳው ካልተቆጠረ ነው። ዌቨሮች ባብዛኛው በየአምስት ዓመቱ ይታደሳሉ። ከመታደሳቸው በፊት ስቴቱ ቢያንስ ለ30 ቀን የሕዝብ አስተያየት መቀበል አለበት። የእናንተ ስቴት መቼ እንደሚያድስ ከሜዲኬይድ ቢሮው ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። አስተያየት ስትጽፉ አቤቱታ ብቻ አትጻፉ፤ በየትኛው ሳምንት ስንት ሰዓት ተፈቅዶ ስንት ሰዓት እንደመጣ፣ ከማስታወሻችሁ ላይ ቀኑን ጠቅሳችሁ ጻፉ።